ጥያቄና መልስ፦ በዴንማርክ መዋዕለ ሕፃናት ልምምድ ለወጡ ተማሪዎች

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በዴንማርክ የፔዳጎግ (ሕፃናትን የሚንከባከብና የሚያስተምር ባለሙያ) ትምህርት እየተከታተሉ ለተግባር ልምምድ ከተመደቡ አንባቢዎች የመጡ ናቸው።

ፊደልና ቁጥር የማስተምርበት የ40 ደቂቃ ዝግጅት ይዤ ብቀርብ የልምምድ መሪዬ «መጀመሪያ ተጫወቺ» አለችኝ። ምን ማለቷ ነው?

ዝግጅትሽን መናቋ አይደለም። በዴንማርክ ፊደል በወጉ የሚጀመረው ልጁ 6 ዓመት በሚሞላበት ዓመት በሚገባው 0ኛ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የሚመራው እ.ኤ.አ. በ2018 የተጠናከረው ሥርዓተ ትምህርት ጨዋታን በራሱ ዋጋ ያለው ነገር አድርጎ ይወስዳል። ስድስት ዘርፎች አሉት፦ የስብዕና ዕድገት፣ ማኅበራዊ ዕድገት፣ ተግባቦትና ቋንቋ፣ አካልና እንቅስቃሴ፣ ተፈጥሮና ሳይንስ፣ ባህልና ኪነ ውበት። እነዚህ በክፍለ ጊዜ አይሸነሸኑም፤ ምሳ ሲበላም ልብስ ሲለበስም ይሠራባቸዋል።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወለሉ ላይ ተቀመጪ። ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ ማን ሁልጊዜ ዳር እንደሚቀር መዝግቢ። ዕቅድሽ ከዚያ ይውጣ፤ 4 ወይም 5 ልጆች፣ 20 ደቂቃ ያህል ይበቃል። እዚያ በብዛት የሚሠራበት የዕቅድ ቅደም ተከተል ዐውድ፣ ግብ፣ ድርጊት፣ ምልክት፣ ግምገማ ነው። ጀማሪ የሚሰናከለው «ምልክት» ላይ ነው። «ቋንቋቸው ይዳብራል» ብሎ መጻፍ ምንም አያሳይም። «ሁለት ልጆች ሳይጠየቁ ‹ከሥር› እና ‹ከላይ› ይላሉ» ከተባለ ግን መሆን አለመሆኑን በጆሮሽ ታረጋግጫለሽ።

በክረምት ልጆቹን አልብሼ እስካወጣ ድረስ እደክማለሁ። አንዱን ሳለብስ ሌላው ያወልቃል።

ችግሩ የሚመጣው ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ጠባቡ መልበሻ ሲገቡ ነው። ቀድመው የለበሱት ያልባቸዋል፣ ይነጫነጫሉ፣ ማውለቅ ይጀምራሉ። አራት አራት እያደረግህ አስገባ፤ አንድ ባልደረባ ውጭ ይቁምና የጨረሰው ወዲያው ይውጣ።

መጀመሪያ ሽንት ቤት፣ ከዚያ ወፍራም ካልሲ፣ የክረምት ቱታ፣ ቦቲ፣ ኮፍያ፤ ጓንት መጨረሻ። ጓንት ከቀደመ ልጁ ዚፑን መያዝ አይችልም። ቱታውን ከፍተህ ወለሉ ላይ ዘርጋለት፤ ላዩ ላይ ይቀመጥና ሁለቱን እግሮቹን ያስገባ፣ ተነሥቶ ደግሞ እጆቹን። ከቱታው እግር ጫፍ ያለው ላስቲክ በቦቲው ሥር ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ቱታው ወደ ላይ ይሰበሰብና በረዶው እግሩ ድረስ ይገባል። ዚፑን ከታች አንተ አያይዘው፣ ወደ ላይ መሳቡን ለእሱ ተውለት።

ቶሎ ቶሎ ማልበስ ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ ራሱን ችሎ የሚሠራውን ነገር መንጠቅ ነው። እየለበሰ «ቀኝ እግር፣ ግራ እጅጌ» ስትለው ደግሞ የቋንቋ ሥራህንም እየሠራህ ነው።

ዛፍ ላይ ሲወጡ፣ በቢላዋ እንጨት ሲቀርፉ አያለሁ። ላስቁማቸው?

የተቋሙን ደንብ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቂ፤ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ልጅን አንሥተሽ ቅርንጫፍ ላይ አታስቀምጪ። በራሱ ጉልበት የወጣ መውረዱንም ብዙውን ጊዜ ይችልበታል፤ አንቺ ከሥሩ ቁሚ። ቢላዋ ሲሆን ልጁ ይቀመጥ፣ ስለቱ ከሰውነቱ ወደ ውጭ ይቅረፍ፣ ከጎኑ ካለው ልጅ ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ፤ ሲነሣ ቢላዋው ወደ አፎቱ ይመለስ። አዋቂ አጠገቡ ካልተቀመጠ አይጀመርም።

ኃላፊዋን በስሟ ብቻ መጥራት ይከብደኛል።

በስሟ ጥሪያት። ልጆቹም እንደዚያው ነው የሚጠሯት፤ ማንም እንደ ድፍረት አይቆጥረውም።

አንድ ልጅ ጀርባ ላይ ሰንበር አየሁ። ተማሪ ነኝና ዝም ልበል?

ዝም አትበል። ከልጆች ጋር የሚሠራ ሰው ለኮሙዩኑ (ለአካባቢው ማዘጋጃ ቤት) የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ግዴታው የግል ነው፣ ለአለቃ ነግሬያለሁ በማለት ብቻ አይወርድም። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ይህ የተደነገገው በልጆች ሕግ ውስጥ ነው። በዚያው ቀን ለልምምድ መሪህና ለኃላፊዋ ንገር። ያየኸውን፣ ሰዓቱን፣ ልጁ የተናገረውን ቃል በቃል ጻፍ፤ ግምትህን አትቀላቅል። ልጁን በጥያቄ አታስጨንቀው፤ እየመራህ የጠየቅኸው ነገር በኋላ ምርመራውን ያበላሻል። ከወላጅ የመጣ ጥቃት ከተጠረጠረ ቀድመህ ለወላጆቹ አትንገር፤ መቼና እንዴት እንደሚነገራቸው የሚወስነው ኮሙዩኑ ነው። በስልክህ ፎቶ አታንሣ፤ በልምምድ ሪፖርትህም የልጁ ስም ሆነ የሚያስለየው ነገር አይግባ።