ሳህን ላይ የገደለ ሁሉ መድኃኒት አይሆንም

አዳዲስ መድኃኒቶች እንዴት እንደሚገኙ፣ እንደሚሞከሩና ፈቃድ እንደሚያገኙ ከአንባቢያን ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። ተቀራራቢዎቹን አጣምረን በአምስቱ ላይ መልስ ሰጥተናል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሆነ ተክል ጭማቂ በላቦራቶሪ የካንሰር ሴል ገደለ የሚል ዜና በየጊዜው እናነባለን። ከገደለ ታዲያ ለምን መድኃኒት ሆኖ አይወጣም? የሚደብቁት ነገር አለ?

መልስ፦ በረኪናም የካንሰር ሴል ይገድላል። አልኮልም፣ የፈላ ውኃም እንደዚያው። ሳህን ላይ የተዘረጋ ሴል የፈሰሰበትን የሚያመክንለት ጉበት፣ የሚያስወግድለት ኩላሊት የለውም። እንዲህ ያለ ዜና ሲያጋጥምዎ ሦስት ነገር ይፈልጉ። ገደለ የተባለው በምን ያህል መጠን ነው? ያንን መጠን በሰው ደም ውስጥ ለማግኘት በባልዲ መጠጣት የሚያስፈልግ ከሆነ ነገሩ እዚያው አለቀ። ጤነኛ ሴልስ ጎን ለጎን ተሞክሯል? ሁለቱንም እኩል የሚገድል መርዝ እንጂ መድኃኒት አይባልም። ደግሞስ ቢዋጥ ደም ውስጥ ይደርሳል? ከአንጀት የተመጠጠ ነገር መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ነው፤ ብዙ ውህድ ወደ ቀሪው ሰውነት ሳይሻገር እዚያው ተሰባብሮ ይቀራል።

የተለመደው ፍለጋ የሚጀምረው ከበሽታው ነው። በበሽታው ሂደት ውስጥ ቁልፍ ሥራ ያለው አንድ ፕሮቲን ይመረጥና 384 ወይም 1,536 ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሳህን ላይ ይታደላል። ከዚያ ሮቦት በየጉድጓዱ የተለያየ ውህድ ያንጠባጥባል። በዚህ መንገድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ውህዶች ይፈተሻሉ። ምልክት ካሳዩት ብዙዎቹ ሐሰተኛ ናቸው፤ ውህዱ ራሱ ቀለም ወይም ብርሃን እየሰጠ የንባብ መሣሪያውን ያሳስታል፣ ወይም እየተቋጠረ ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ይይዛል። ከማጣሪያው ያለፉትን ኬሚስቶች አንዱን አቶም እየነቀሉ ሌላ እየተከሉ ለዓመታት ያርሟቸዋል። ሥራው አንዱን ጎን ሲያቀኑት ሌላው የሚጎብጥበት ነው፦ ፕሮቲኑን አጥብቆ እንዲይዝ ያደረጉት ውህድ በውኃ አልሟሟም ይላል፤ እንዲሟሟ ሲያደርጉት ደግሞ የአንጀትን ግድግዳ ማለፍ ያቅተዋል። ሁሉም ተስተካክሎ ሲያበቃ የልብን ምት የሚያስተካክለውን የፖታሲየም መተላለፊያ የሚዘጋ ሆኖ ተገኝቶ የሚጣልም አለ። ይህንን ሁሉ አልፈው ሰው ላይ መሞከር ከጀመሩት እንኳ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ፈቃድ ሳያገኙ ይቀራሉ።

ተክል ተደብቋል ለሚለው የአርቴሚሲኒን ታሪክ ጥሩ መልስ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የቻይና ተመራማሪዋ ቱ ዮዮና ባልደረቦቿ የጥንት የሕክምና ጽሑፎችን ሲያገላብጡ አንድ ተክል ለወባ ትኩሳት እንደሚሰጥ አነበቡ። ቀቅለው ሲያወጡት ግን አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ከ1,600 ዓመት በፊት ገደማ የተጻፈው ትእዛዝ ተክሉን በውኃ ዘፍዝፎ ጭማቂውን መጭመቅ እንጂ መቀቀል እንደማይል ያስተዋለችው በኋላ ነው፤ ለካስ ውህዱን የሚያጠፋው ሙቀቱ ነበር። በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላው ኤተር አወጣችው፤ መርዛም የሆነውን አሲዳማ ክፍል ለይታ ጣለችው። በ1971 የተገኘው ቁጥር 191 ናሙና በአይጦች ደም ውስጥ የነበረውን የወባ ተውሳክ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። ተክሉን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ የጠፋው አወጣጡና መጠኑ ነው። ቱ ዮዮ በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝታበታለች።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚወስደው መጠን እንዴት ይታወቃል? በግምት ነው?

መልስ፦ በስሌት ነው፤ ስሌቱም ከባድ አይደለም። ውህዱ ቢያንስ ለሁለት ዓይነት እንስሳት ይሰጣል፤ አንዱ ከአይጥ ወገን፣ ሌላው ከዚያ ውጭ፣ ብዙ ጊዜ ውሻ ወይም ዝንጀሮ። በየእንስሳው ምንም ጉዳት ያላደረሰው ከፍተኛ መጠን ይመዘገባል። ትንሽ እንስሳ ለክብደቱ ሲታይ መድኃኒትን ቶሎ ስለሚያስወግድ ቁጥሩ በቀጥታ ወደ ሰው አይዛወርም። የትልቋ አይጥ በ6.2፣ የትንሿ በ12.3፣ የውሻ በ1.8 ይካፈላል። ለምሳሌ ትልቋ አይጥ በኪሎ 62 ሚሊግራም፣ ውሻው በኪሎ 9 ሚሊግራም ያለ ጉዳት ቻሉ እንበል። ወደ ሰው ሲመለስ 10 እና 5 ይሆናል። የሚወሰደው ትንሹ፣ ማለትም 5 ነው። እሱም ለጥንቃቄ ቢያንስ ለ10 ይካፈላል፤ በኪሎ 0.5 ሚሊግራም፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 30 ሚሊግራም መሆኑ ነው።

ከ20 እስከ 100 የሚሆኑ፣ በአብዛኛው ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች በሚሳተፉበት በዚህ የመጀመሪያ ምዕራፍ የሚፈለገው ፈውስ አይደለም። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ምን ያህል ይደርሳል፣ በስንት ሰዓት ይወጣል፣ ሰውነትስ እስከ የት ይችለዋል የሚለው ነው የሚለካው። ደም በየተወሰነ ሰዓት ይቀዳል፤ መጠኑ ከፍ የሚለው ያለፈው ቡድን ደህና መሆኑ ከታየ በኋላ ብቻ ነው።

ስሌቱ የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። በመጋቢት 2006 ለንደን ውስጥ የሰውነትን መከላከያ ሴሎች የሚያነቃቃ አንድ አዲስ ፀረ እንግዳ አካል ለስድስት ሰዎች ተሰጠ። መጠኑ ዝንጀሮዎች ያለ ጉዳት ከቻሉት ከአምስት መቶ አንድ እጁ ብቻ ነበር። በሰዓታት ውስጥ ግን ስድስቱም በጽኑ ታመው የአካል ክፍሎቻቸው መሥራት እያቃታቸው መጣ፤ ደግነቱ ሁሉም ተርፈዋል። መድኃኒቱ የሚይዘው ፕሮቲን በሰው መከላከያ ሴሎች ላይ እያለ በዝንጀሮዎቹ ተመሳሳይ ሴሎች ላይ እንዳልነበረ የታወቀው በኋላ ነው። ሌላው ስህተት ግን ሳይንስ እንኳ አያስፈልገውም፤ ስድስቱ የተወጉት በአሥር ደቂቃ ገደማ ልዩነት ነበር። የመጀመሪያው ሰው መታመሙ ሳይታይ ሌሎቹ ወስደው ነበር። ዛሬ መጀመሪያ አንድ ሰው ብቻ ይሰጠዋል፤ ቀሪዎቹ የሱን ሁኔታ ይጠብቃሉ። እንዲህ ላሉ መድኃኒቶች መነሻው «የማይጎዳው ከፍተኛ መጠን» መሆኑ ቀርቶ «የመጀመሪያዋን ለውጥ የሚያሳየው ዝቅተኛ መጠን» ሆኗል።

ጥያቄ፦ ለታመመ ሰው እያወቁ ባዶ ክኒን መስጠት ጭካኔ አይደለም?

መልስ፦ የሚያድን መድኃኒት እያለ ባዶ መስጠት ጭካኔ ነው፤ የሕክምና ምርምር ሥነ ምግባርም አይፈቅደውም። ባዶው ክኒን፣ ማለትም ፕላሴቦ፣ የሚሰጠው የተረጋገጠ ሕክምና በሌለበት ወይም ሁሉም ታማሚ የተለመደውን መድኃኒት እየወሰደ አዲሱ ሲጨመርበት ነው። አለዚያ አዲሱ የሚወዳደረው ከነባሩ ጋር ነው።

ማወዳደሪያ ቡድን ለምን እንደሚያስፈልግ በ1948 የታተመው የእንግሊዞች የስትሬፕቶማይሲን ሙከራ ያሳያል። 107 የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ታማሚዎች በዕጣ ተከፈሉ፤ 55ቱ መድኃኒቱንና የአልጋ ዕረፍት፣ 52ቱ ዕረፍት ብቻ አገኙ። በስድስት ወር ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኛዎቹ 14 ሞቱ። መድኃኒት ካልወሰዱት መካከል ግን 4 ሰዎች በራጅ በግልጽ ተሽሏቸው ነበር። እነዚህ አራቱ አንድ የሚዋጥ ነገር ወስደው ቢሆን ኖሮ ፈወሰኝ ብለው በመሐላ ይመሰክሩ ነበር። በዚያው ሙከራ መድኃኒቱን ከወሰዱት በብዙዎቹ ላይ ባክቴሪያው ሲለምደውም ታየ፤ ቲቢ በአንድ መድኃኒት ብቻ የማይታከመው ለዚህ ነው።

ዕጣ ያስፈለገውስ? ተራ በተራ አንዱ ለዚህ፣ አንዱ ለዚያ ቢባል ሐኪሙ ቀጣዩ ተራ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ሳያስበውም ቢሆን ቀለል ያለ ሕመም ያለበትን ወደ አዲሱ መድኃኒት ይገፋል። ስለዚህ ዕጣው በታሸገ ፖስታ ወይም በኮምፒውተር ይያዛል፤ ክኒኖቹም በመልክና በጣዕም ይመሳሰላሉ። ሐኪሙም ታማሚውም የተሰጠው የቱ እንደሆነ አያውቁም። የሚያውቀው ከውጭ ያለ ገለልተኛ ኮሚቴ ሲሆን፣ አንዱ ወገን በግልጽ እየተጎዳ ከሆነ ሙከራውን ያስቆማል።

ኮሚቴው የሚያስቆመውም ሁልጊዜ ፕላሴቦ የወሰዱት ስለተጎዱ አይደለም። በ1980ዎቹ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ያገኛቸው ሰዎች የልባቸው ምት እንዳይዛባ ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉ መድኃኒቶች ይታዘዙላቸው ነበር። የምቱን መዛባት በእርግጥ ያስተካክላሉ፤ በልብ መመርመሪያው ወረቀት ላይ በዓይን ይታያል። በሙከራ ሲፈተሹ ግን መድኃኒቱን ከወሰዱ 755 ሰዎች 63፣ ፕላሴቦ ከወሰዱ 743 ሰዎች 26 ሞቱ። ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ተስተካክሎ ሰውየው ይሞታል። በእኛ አስተያየት ከመድኃኒት ሙከራ ታሪክ ማንም ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ አዲስ መድኃኒት «ይህን ምርመራ አሻሻለ» ሲባል «ሰዎቹስ ረዘም ያለ ዕድሜ ኖሩ? የተሻለ ኑሮስ ኖሩ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ያገኘ መድኃኒት ከዓመታት በኋላ ጉዳት አለው ተብሎ ከገበያ ይነሳል። ሲፈቅዱት አላዩም?

መልስ፦ ሊያዩት የማይችሉት ጉዳት አለ። ቀላል ቀመር እንስጥዎ፦ አንድ መድኃኒት ለ3,000 ሰዎች ተሰጥቶ አንድ ከባድ ጉዳት ጭራሽ ካልታየ፣ 3ን ለ3,000 ያካፍሉ። ጉዳቱ ከ1,000 ሰው በአንዱ ላይ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ሦስተኛው፣ ማለትም ከፈቃድ በፊት ያለው የመጨረሻው የሙከራ ምዕራፍ በአብዛኛው ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ሰው የሚይዝ ስለሆነ ከ10,000 አንዱን የሚጎዳው የሚታየው ሚሊዮኖች ሲወስዱት ነው። በዚያ ላይ ነፍሰ ጡሮች፣ በጣም ያረጁና ብዙ ሕመም የተደራረበባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ በሙከራ አይገቡም። በ1999 ተፈቅዶ በ2004 ከገበያ የወጣው የሕመም ማስታገሻ ሮፌኮክሲብ ድንገተኛ የልብ ሕመምን ይጨምር ነበር። ድንገተኛ የልብ ሕመም ያለ መድኃኒትም የተለመደ በመሆኑ እያንዳንዱ ሐኪም ለብቻው ሊጠረጥረው ያስቸግራል።

ከፈቃድ በፊት የሚታየው ጥቂት አይደለም። በአሜሪካ የሚቀርበው ሰነድ የእያንዳንዱን ተሳታፊ መረጃ የያዘ ነው፤ ተቆጣጣሪው ማመልከቻውን ከተቀበለ በኋላ ለመደበኛ ግምገማ 10 ወር፣ ለአጣዳፊ 6 ወር ግብ አለው። ፋብሪካው ይፈተሻል። ክኒኑ በ40 ዲግሪ ሙቀትና በ75 በመቶ እርጥበት ስድስት ወር ተቀምጦ ምን ያህሉ እንደተበላሸ ይለካል። አንድ ገምጋሚ «መረጃው አይበቃኝም» ማለቱ ምን እንደሚያተርፍ ታሊዶማይድ አሳይቷል፤ በ1957 በጀርመን ለገበያ ቀርቦ እስኪነሳ ድረስ በብዙ አገሮች ከ10,000 በላይ ሕፃናት የአካል ጉዳት ይዘው ተወልደዋል። በአሜሪካ ፍራንሲስ ኬልሲ የተባለችው ገምጋሚ ኩባንያው ቢወተውታትም ፈቃዱን ስላልሰጠች እዚያ የተጎዱት በጣም ጥቂት ነበሩ።

ጉዳት ከጠረጠሩ ለጤና ባለሙያ ሲያሳውቁ የመድኃኒቱን ስም፣ በማሸጊያው ላይ ያለውን የምርት መለያ ቁጥር፣ መውሰድ የጀመሩበትን ቀን፣ ምልክቱ የታየበትን ቀንና ሌላ የሚወስዱትን ሁሉ ይንገሩ፤ ባህላዊ መድኃኒትም ጭምር። ማሸጊያውን አይጣሉት። የመለያ ቁጥሩ ከሌለ ችግሩ የመድኃኒቱ ይሁን የአንድ ጊዜ ምርት ብቻ መለየት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ጄኔሪክ መድኃኒት (የነባሩን መድኃኒት ተመሳሳይ ሌላ አምራች የሚሠራው) ውስጡ ያለው ከ80 እስከ 125 በመቶ ቢሆን ይፈቀዳል ሲባል ሰማሁ። 20 በመቶ የጎደለው መድኃኒት ነው የምንወስደው?

መልስ፦ አይደለም። ክኒኑ ውስጥ ያለው መጠን የሚለካበት ገደብ ሌላ ነው፤ ከዚህም በጣም ይጠብባል። 80 እና 125 የሚባለው ከ24 እስከ 36 በሚሆኑ ፈቃደኞች ደም ውስጥ የጄኔሪኩና የነባሩ መድኃኒት መጠን ሲነጻጸር የሚወጣውን ውጤት ይመለከታል። እያንዳንዱ ሰው ስለሚለያይ ውጤቱ አንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚያ የሚል ክልል ነው፤ መላው ክልል ከነሁለት ጫፉ በ80 እና በ125 መካከል መውደቅ አለበት። አማካዩ 85 የሆነ መድኃኒት የክልሉ ታችኛ ጫፍ ብዙውን ጊዜ ከ80 በታች ስለሚወርድ ይወድቃል። ደም እንዳይረጋ እንደሚሰጠው ዋርፋሪን ባሉ፣ ጥቂት ልዩነት በሚያስቸግርባቸው መድኃኒቶች ላይ ብዙ ተቆጣጣሪዎች መስፈርቱን ያጠብቁታል። እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አምራቹ ከተቀየረበት ለሐኪሙ ይንገር፤ የደም ምርመራው ቶሎ እንዲደገምለት ይጠይቅ።