ከ12ኛ ክፍል ወደ ኋላ ቁጠሪ፦ ለዘጠነኛ ክፍል የኮርስ ምርጫ

እህቴ፣ «ልጄ ለ9ኛ ክፍል የትኞቹን ኮርሶች ይምረጥ?» የሚለውን ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ልጅሽ በመጪው ነሐሴ ዘጠነኛ ክፍል ይገባል፤ ምሕንድስና ማጥናት ይፈልጋል። የትምህርት ቤቱ አማካሪ «መደበኛው ክፍል ይበቃዋል» ትልሻለች፣ ጎረቤትሽ ደግሞ «ኤፒ የተባለውን (ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚሰጠውን የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ) ሁሉ ይውሰድ» ትልሻለች። ሁለት ልጆቼን እዚሁ ሜሪላንድ ከመንግሥት ትምህርት ቤት አስመርቄ ወደሚፈልጉት ኮሌጅ ልኬያለሁ። ከሁለቱ ምክር አንዱንም አልቀበልም።

ከሁሉ አስቀድመሽ ሒሳቡን ያዢ። የአሜሪካ የሒሳብ ትምህርት እንደ መሰላል ነው፤ አልጀብራ አንድ፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ ሁለት፣ ፕሪካልኩለስ፣ ከዚያ ካልኩለስ። ስለዚህ ከ12ኛ ክፍል ወደ ኋላ ቁጠሪ። አልጀብራ አንድን 8ኛ ክፍል ላይ የጨረሰ ልጅ 9ኛ ላይ ጂኦሜትሪ ይጀምርና 12ኛ ላይ ካልኩለስ ይደርሳል። አልጀብራ አንድን 9ኛ ላይ የጀመረ ግን በፕሪካልኩለስ ይመረቃል። ለብዙ የትምህርት ዘርፍ ይህ ችግር የለውም። ለምሕንድስና ግን ችግር ነው፤ ለምሳሌ በምሕንድስና የታወቀው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ አመልካቾቹ ቢወስዷቸው ብሎ በይፋ ከሚመክራቸው ትምህርቶች መካከል እስከ ካልኩለስ ያለው ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይገኛሉ። የዘገየ ልጅም መውጫ አለው። በሰኔና በሐምሌ የዕረፍት ጊዜ አንዱን ኮርስ መጨረስ፣ ወይም 10ኛ ክፍል ላይ ጂኦሜትሪንና አልጀብራ ሁለትን ጎን ለጎን መውሰድ ይቻላል። ይህ የሚታቀደው ግን አሁን ነው፤ 11ኛ ክፍል ከደረሰ በኋላ ጊዜው ያልፋል።

የታላቋ ልጄ የ9ኛ ክፍል የኮርስ ምርጫ ቅጽ የካቲት ላይ ቤት ሲመጣ፣ በሒሳብ መስመር ላይ «አልጀብራ አንድ» ተብሎ ተሞልቶ ነበር። ልጅቷ ያንኑ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ በጥሩ ውጤት እየተማረች ነበር! ምክንያቱን ስጠይቅ «መሠረቷ እንዲጠናከር ነው» ተባልኩ። አልፈረምኩም። ለሒሳብ መምህሯ ኢሜይል ጻፍኩ፤ እሷም «ለጂኦሜትሪ ዝግጁ ናት» የሚል አንድ መስመር መለሰችልኝ። ያንን መስመርና የውጤት ካርዷን አትሜ አማካሪው ቢሮ ሄድኩ። አንብቦ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ቀየረው፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀበት። እኛ ባደግንበት ቤት መምህር ያለውን ወላጅ ተቀብሎ ይሄዳል። እዚህ ግን የወላጅ ጥያቄ የአሠራሩ አካል ነው፣ ማንም አይቀየምሽም። በትሕትና፣ ግን በጽሑፍ ጠይቂ።

ኤፒ ስንት ይበቃል ለሚለው ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። ኮሌጆች ልጁን የሚመዝኑት ትምህርት ቤቱ ከሚሰጠው አንጻር ነው። ትምህርት ቤቱ ምን ምን ከባድ ኮርሶች እንዳሉት የሚገልጽ ስኩል ፕሮፋይል የሚባል ሰነድ ይልካል። አማካሪዋም ኮመን አፕ በሚባለው፣ ብዙ ኮሌጆች በሚጠቀሙበት የጋራ ማመልከቻ ቅጽ ላይ የልጁ ምርጫ ከሌሎች ተማሪዎች አንጻር ምን ያህል ከባድ እንደነበር ምልክት ታደርጋለች። «መደበኛው ይበቃዋል» ያለችሽ ሴት ከሦስት ዓመት በኋላ ያንን ምልክት የምታደርገው እሷው ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ዘንድሮውኑ የልጅሽን ዓላማ በግልጽ ንገሪያት።

በእኔ እምነት 9ኛ ክፍል ላይ በዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች ኦነርስ፣ ማለትም ከመደበኛው ከበድ ያለውን ክፍል፣ ይውሰድ፤ 10ኛ ላይ አንድ ወይም ሁለት ኤፒ ይሞክር፤ 11ኛ ክፍል ዋናው ዓመት ይሁን። ታናሹ ልጄ 11ኛ ላይ አምስት ኤፒ ሊጽፍ ሲል ሦስት አስደረግኩት፦ ካልኩለስ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ። ጓደኞቹ ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ ሲያመሹ እሱ ይተኛ ነበር፤ ውጤቱም አልወረደም። 12ኛ ክፍል ላይ ደግሞ እንዳይዘናጋ፤ የግማሽ ዓመቱ ውጤት ለኮሌጆቹ ይላካል።

አንድ ነገር ግን እኛ ሐበሾች አጥብቀን ልናስብበት ይገባል። ሳይንስ ካለ ሌላው ትርፍ ይመስለንና እንግሊዝኛውን፣ ታሪኩንና የውጭ ቋንቋውን እናስጥላለን። እንደ ሃርቫርድ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመክሩት አራቱንም ዓመት እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና አንድ የውጭ ቋንቋ፣ ታሪክም ሁለት ወይም ሦስት ዓመት እንዲወሰድ ነው። መሐንዲስ የሚሆን ልጅም ድርሰት ይጽፋል፤ ማመልከቻው ራሱ ድርሰት ነው። ስፓኒሽ ከጀመረ ሁለተኛው ዓመት ላይ አያቁም።

አማርኛም ዋጋ አለው። እንደ ቨርጂኒያው ፌርፋክስ ያሉ ካውንቲዎች ቤት ውስጥ የሚነገር ቋንቋን ፈትነው ክሬዲት ይሰጣሉ፣ አማርኛም አለበት። ፈተናው መጻፍ ስለሚጠይቅ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ፣ ንግግሩ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ፣ አያልፈውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ማስተማር ዛሬውኑ ጀምሪ።

በአካባቢው ኮሌጅ ኮርስ መውሰድ ጥሩ የሚሆነው ትምህርት ቤቱ የሌለውን ሲሰጥ ነው፤ ለምሳሌ ካልኩለስን ጨርሶ ቀጣዩን ሒሳብ ለሚፈልግ። ክሬዲቱን ግን የግል ዩኒቨርሲቲዎች ላይቀበሉት ይችላሉ።

ቅጹን ከመመለሳችሁ በፊት ልጁ ራሱ የአራቱን ዓመት ኮርሶች በአንድ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ከ12ኛ ይጀምርና ወደ 9ኛ ይውረድ። 8ኛ ክፍል ላይ የትኛውን ሒሳብ እየተማረ እንደሆነና በየትኛው ካውንቲ እንደምትኖሩ ጻፊልኝ። የካውንቲውን የኮርስ ዝርዝር አውጥቼ አብረን እናየዋለን።