የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ምሳ በሰፈር ምግብ ቤት

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ በሥራ ዝውውር ጅማ ከገባሁ ገና ወር አልሞላኝም። ምሳዬን ፈረንጅ አራዳና መርካቶ አካባቢ ካሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ልበላ አስቤያለሁ፤ ዋጋቸው ይስማማኛል። ሆዴ ግን ቶሎ ይታወክብኛል። የማላውቀው ቤት ስገባ ምን ልይ? ምንስ ልዘዝ? (ከኮቺ)

መልስ፦ ድስቱ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበትን ቤት ይፈልጉ። ሰው የሚታመመው በምግቡ ርካሽነት ሳይሆን በመቆየቱ ነው። የበሰለ ወጥ እሳት ሳይነካው፣ ለብ እንዳለ ከሁለት ሰዓታት በላይ ከተቀመጠ ጀርም ይራባበታል። እንደገና ቢያፈሉት ጀርሙ ይሞታል፤ አንዳንዱ ጀርም የተወው መርዝ ግን በመፍላት አይጠፋም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄዱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይድረሱ። በያይነቱ ያን ጊዜ ከትኩስ ድስት ይወጣል። 9 ሰዓት ላይ ከደረሱ የሚጠብቅዎ የድስቱ ቂጥ ስለሆነ፣ ሲታዘዝ የሚሠራ ነገር ይምረጡ፦ እንቁላል ፍርፍር፣ ጥብስ፣ ወይም እየተንተከተከ የሚመጣ ተጋቢኖ። ፉል የጠዋት ምግብ ነው። ባቄላው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ንጋት ላይ ይቀቀላል፤ ከሰዓት በኋላ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ የጠዋቱ ትራፊ ነው።

ትሪው ሲመጣ መጀመሪያ እንጀራውን ይመልከቱ። ከጠርዙ ይዘው እጥፍ ያድርጉት፤ የዕለቱ ከሆነ ሳይሰበር ይታጠፋል፣ የሰነበተው ዓይኑን ተከትሎ ይሰነጠቃል። ሩዝ የበዛበትም ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ እሱ ግን ጉዳት የለውም። የሚያሰጋው ሻጋታ ነው። ጅማ ዝናብና እርጥበት ስለሚበዛባት እንጀራ ቶሎ ይሻግታል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ነጥብ ካዩ ያችን ብቻ ቆርሶ መጣል አይበቃም፤ እንጀራው በሙሉ ይመለስ። ቀጥሎ ምስሩን ይቅመሱ። ሳይፈላ አረፋ የያዘ፣ ወይም ከበርበሬው ቀድሞ ኮምጠጥ የሚል ምስር አድሯል። ሽሮው ጥሬ ጥሬ ካለ ዱቄቱ በቂ ጊዜ አልተንተከተከም፤ «ትንሽ ይንተክተክልኝ» ብለው ቢመልሱት ማንም አይቀየምም።

ሆድዎ ከተማውን እስኪለምድ ጥሬ ሰላጣና ስንግ ቃሪያ ይቅርብዎ። የታጠቡበትን ውሃ አያውቁትምና። ሥጋ ሲያዙም «በደንብ ይብሰል» ይበሉ፤ ኮሶ የሚይዘው ከጥሬና ከለብ ለብ የበሬ ሥጋ ነው። ለእጅ መታጠቢያው ውሃና ሳሙና ከሌለ፣ ያበሰለችውም እጅ በምን እንደታጠበች ያስቡና ሌላ ቤት ይሞክሩ።

ዋጋውን ሳያዙ ይጠይቁ፤ ተጨማሪ እንጀራ ይከፈልበት እንደሆነና ቫቱ ተካቶ እንደሆነም ጭምር። 15 በመቶ ሲጨመር የ200 ብሩ ምሳ 230 ይሆናል።

ጥያቄ፦ ረቡዕ ቀን «የጾም ነው?» ብዬ ጠይቄ «አዎ» የተባልኩት ሽሮ ቅቤ ቅቤ አለኝ። እንዴት ብዬ ብጠይቅ ይሻላል?

መልስ፦ «የጾም» የሚለው ቃል ለሁሉም አስተናጋጅ አንድ ትርጉም የለውም፤ አንዳንዱ ሥጋ የሌለበት ማለት ይመስለዋል። በጅማ ደግሞ ብዙ ቤቶች የሙስሊሞች ናቸው፤ ለእነሱ ረቡዕ እንደ ማንኛውም ቀን ነው። ስለዚህ በቁርጥ ይጠይቁ፦ «በዘይት ብቻ ነው የተሠራው? ቅቤ አልገባበትም?» ይህም አንድ ቀዳዳ ይተዋል። ሽሮው በትልቅ ድስት በዘይት ይሠራና ትእዛዝ ሲመጣ ወደ ሸክላው እየተጨለፈ ይሞቃል፤ ቅቤ የሚጨመረው ያን ጊዜ ነው። ቦዘና በሚሠራበት ቤት ጭልፋው አንድ ከሆነ ሥጋውም ቅቤውም ይነካካል። «በንጹሕ ጭልፋ፣ በታጠበ ሸክላ» ማለት ነውር የለውም። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ፣ ያን ሰሞን በክርስቲያን ቤትም ቅቤ ቢያገኙ አይገረሙ።

የሥጋውም ነገር እንዲሁ ነው። «የክርስቲያን ነው የእስላም?» ብሎ መጠየቅ እዚህ የተለመደ ነው፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም አይከፋበትም።

ጥያቄ፦ የአቮካዶ ጭማቂ በጣም እወዳለሁ፤ ግን ከቧንቧ ውሃ እንደሚጨመርበት አየሁ። ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ አይቁረጡ። አቮካዶ ወፍራም ስለሆነ ያለ ፈሳሽ ማሽኑ አያዞረውም፤ «ያለ ውሃ» ቢሉም ከጀርባ ይጨመርበታል። ግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ ገዝተው ክዳኑን ራስዎ ይክፈቱና «በዚህ ፍጩልኝ» ይበሉ። ለአንድ ብርጭቆ ግማሽ ስኒ ይበቃል፤ ቀሪውን ከምሳው ጋር ይጠጡታል። በረዶ እንዳይጨምሩበት ይንገሯቸው፤ በረዶውም ያው የቧንቧ ውሃ ነው። ማሽኑንም ሳይታለቅለቅ እንዳይጠቀሙበት ይዩ፤ የቀደመው ደንበኛ ፓፓያ ጠርዙ ላይ ደርቆ ከታየዎት «አንዴ ይታጠብልኝ» ይበሉ።