አሥር ሰዓቷን ያጣች ሰዓት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከሐይቅ ከተማ ነው። የአያቴ የኪስ ሰዓት ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ነጩ ፊቱ ተጎዳ። አራት ቁጥር ያለበት ቦታ የምስር ፍሬ ታህል ተላጦ ቀይ ብረት ይታያል። ከዚያ እስከ መሐሉ ደግሞ እንደ ጠጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ወንድሜ ልርዳሽ ብሎ ሱፐር ግሉ አፈሰሰበት። ሰዓቱ ግን ይሠራል። አንድ ባለሙያ «ፊቱን በሌላ ቀይሪው» አለኝ። ልቀይረው?

መልስ፦ ኧረ እንዳትቀይሪው ልጄ! አያትሽ ያዩት ያንን ፊት ነው።

ነጩ ነገር ቀለም አይደለም። ቀይ ያልሽው መዳብ ነው። በላዩ የብርጭቆ ዱቄት ተነስንሶ 800 ዲግሪ ገደማ በሆነ እሳት ቀልጦበታል። እናቶቻችን ቤት ያለውን ነጭ የብረት ሳህን አስቢው፤ ሲወድቅ እንደዚያው ነው የሚላጠው። መልሶ እሳት ማስነካት ግን አይሞከርም። እኔ ደሴ ፒያሳ ሥራ ስጀምር፣ ሙጫ ላላቅቅ ብዬ አንዱን ፊት ከከሰል ምድጃ ዳር አስጠጋሁት። ጠቅ ያለው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። አንዱ ስንጥቅ ሦስት ሆነ። ባለቤቱ ምንም አላሉኝም፤ ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፊቱን ሰዓት ሠሪ ያውጣልሽ። ከጀርባው እግሮች አሉት፤ የሚይዟቸው ትንንሽ ብሎኖች ሳይላሉ ከተፈነቀለ የቀረውም ይረግፋል። ሱፐር ግሉውን በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን፣ ጥጥ እያስነካሽ ቀስ ብለሽ አንሺው። የፋብሪካው ስም የተጻፈበትን ግን አትንኪ። አንዳንዱ እሳት ያልገባ ቀለም ስለሆነ ይለቃል።

ስንጥቁ የጠቆረው ቆሻሻ ገብቶበት ነው። የሰው ሠራሽ ጥርስ ማጽጃ ክኒን ለብ ባለ ውኃ ሟሙቶ ፊቱ ብቻ ጥቂት ደቂቃ ይንከር። ስንጥቁ አይጠፋም፤ ይደበዝዛል። በቃ፣ ከዚያ በላይ አትጎርጉሪው።

የተላጠውን በኢፖክሲ፣ ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ በሚጠነክረው ሙጫ፣ ሙይው፤ ነጭ የቀለም ዱቄት ጨምረሽ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። የድሮ ነጭ ንጹሕ ነጭ አይደለም፣ ወደ አሬራ ያደላል። በስቴኪኒ ጫፍ ቢጫ ጠብ አድርጊበት፤ ከመሙላትሽም በፊት ወረቀት ላይ ቀብተሽ በቀን ብርሃን አስተያዪው። ብርድ ላይ ቶሎ አይደርቅም። እኔ በሐምሌ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል፣ ሁለት ቀን ሙሉ አልነካውም። ከደረቀ በኋላ ትርፉን በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ውኃ እያስነካሽ እኩል አድርጊው።

የቀረው ቁጥሩ ነው። ፊቱ የሮማ ቁጥር ከሆነ አራትን ትምህርት ቤት እንደተማርሽው (IV) አትጻፊ። አብዛኞቹ የድሮ ሰዓቶች አራት ቋሚ መስመር (IIII) ነው የሚያደርጉት፣ እግራቸው ወደ መሐል ዞሮ። እኛ አሥር ሰዓት ብለን የምናነበው ያው እሱ ነው። በቀጭን ብሩሽ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ።

መስታወቱ ከመገጠሙ በፊት ረጅሙ ቆጣሪ በተሞላው ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ይለፍ። ከነካ በየሰዓቱ ከሃያ ደቂቃ ላይ እየቆመ ያስቸግርሻል።