ስለ ሆዳችሁ ጠይቁኝ፦ ከደሴ ጤና መኮንን

ሰላም ጀመዓው። የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

እንጀራ የቦካ ስለሆነ ለአንጀት ጠቃሚ ባክቴሪያ ይሰጣል ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ። ሊጡን ያቦኩት ባክቴሪያዎች ምጣዱ ላይ ያልቃሉ። መቡካቱ ግን ከንቱ አይደለም፤ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል። የጤፉ አሰር ደግሞ አንጀታችሁ ውስጥ ለሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቀለባቸው ነው። ሕይወት ያለውን ከፈለጋችሁ እርጎ አለላችሁ።

እናቴ ጥሬውን ወተት በወይራ በታጠነ ቅል ነው የምታረጋው። ችግር አለው?

ሽታው እዚህ ድረስ መጣብኝ! ጭሱ ጣዕም ይሰጣል፤ በጥሬ ወተት የሚተላለፉትን ብሩሴሎሲስ የሚባለውን የትኩሳት በሽታና የከብት ቲቢን ግን አያስቆምም። ቅሉን አትጣዪባት። ወተቱን አፍልታ፣ ጣት የሚችለው ያህል ሲበርድ አንድ ማንኪያ እርጎ ጨምራ በዚያው ታርጋው። የመጀመሪያዋ ማንኪያ ከፈላ ወተት ከተሠራ እርጎ ትሁን፤ ካለዚያ ማፍላቱ ምን ዋጋ አለው?

ከኮምቦልቻ ነኝ። ጫት ከቃምኩ ሁለት ሦስት ቀን ሆዴ ይደርቃል። ተልባ ልጠጣ?

አብሽር ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። ጫቱ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል አፍ የሚያጠብቅ ነገር አንጀት ያደርቃል፣ ምግብም ያስጠላል፤ ያልበላ ሆድ ምን ያወጣል? ተልባው ጥሩ ነው፤ ወቅጠህ ዘፍዝፈው፣ ከላዩም ውሃ በደንብ ጠጣ፤ ውሃ ካነሰው ይብስብሃል። መቃሙን ሳትቀንስ ግን ከተልባ ተአምር አትጠብቅ።

ጨጓራዬን በአብሽና በማር እያከምኩ ዓመት ሆነኝ፤ አልተሻለኝም።

እዚህ ላይ ልቆጣ ነው። አብዛኛው የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ከኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ ወይም እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን አዘውትሮ ከመዋጥ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ይህንን ለማሳየት ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ይህ ባክቴሪያ በማር አይወጣም፤ ሐኪም በሚያዛቸው አብረው በሚወሰዱ መድኃኒቶች ነው። የሰገራ ምርመራ አድርግ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እየወሰድክ ከሆነ አስቀድመህ ለሐኪሙ ንገረው፤ ከምርመራው በፊት ወደ 2 ሳምንት ካልተቋረጠ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወክ ዛሬውኑ ሂድ። ያለ ምክንያት ከከሳህም አታዘግይ።

ጾም አንጀትን ይጎዳል?

ምስሩ፣ ሽሮውና ጎመኑ አሰር የሞላባቸው ናቸው። የሚጎዳው በባዶ ሆድ ላይ የሚቆለለው ሳምቡሳ ነው።

ስፖርትስ?

ደሴ ላይ ሆነህ ነው የምትጠይቀኝ? ከፒያሳ ቤትህ ድረስ ያለውን ዳገት በባጃጅ አትውጣ።