ጥያቄና መልስ፦ ስለ ፈረንጅ ገና ፊልሞች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ለቴሌቪዥን ተብለው የሚሠሩትን የገና ፊልሞች የሚመለከቱ በመሆናቸው የዛሬውን ዓምድ ለእነርሱ ለቅቄያለሁ።

«ልጆቼ ፊልሙ በተጀመረ በአሥር ደቂቃ መጨረሻውን ይነግሩኛል፤ ታዲያ ምን አስቀምጧቸው ነው እስከ ማብቂያው የሚያዩት?» (እናት፣ ከአዘዞ)

መጨረሻውን ስለሚያውቁት ነው። ጦጣ ጅብን እንደምታሞኘው እያወቅን አያቶቻችንን «ድገሙልን» እንል አልነበረምን? አንዲት ቃል ቢዘሉ እንኳ እኛው እናርማቸው ነበር። በእነዚህ ፊልሞች ከከተማ ወደ ትውልድ ቀዬዋ የተመለሰችው ሴት የገና ዛፍ ሻጩን እንደምታገባ ማወቅም እንዲሁ ልብን ያሳርፋል፤ ለሰዓት ተኩል ያህል ክፉ ወሬ የማይገባበት ቤት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ከፈረንጆቹ 2009 ጀምሮ የበዓሉን ሰሞን በእነዚህ ፊልሞች የሚሞላው የአሜሪካው ሆልማርክ ጣቢያ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ፍቅረኞቹ ሊሳሳሙ ሲሉ በር የሚንኳኳውም በከንቱ አይደለም፤ ማስታወቂያው እስኪያልፍ ድረስ ተመልካቹ ከመቀመጫው እንዳይነሳ ነው።

«በረዶው ለምን ጥጥ ይመስላል?» (ተማሪ፣ ከማራኪ)

አንዳንዴ ጥጥ ስለሆነ ነው። ብዙዎቹ የሚቀረጹት በካናዳ፣ በተለይም በቫንኩቨር አካባቢ፣ አብዛኛውን ጊዜም በበጋ በመሆኑ፣ ተዋንያኑ በፀሐይ የሱፍ ካፖርት ደርበው በወረቀትና በአረፋ በረዶ ላይ ይመላለሳሉ። ቀረጻው በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ማለቅ ስላለበት ለጥንቃቄ ጊዜ የለም። የጎንደር ሰው ግን ከበረዶው ይልቅ ኩባያውን መታዘቡ አይቀርም፦ ተዋናይቱ ባዶውን እንደ ላባ ታነሳለች፣ እንፋሎት የለውም፣ ከንፈሯን ታስነካለች እንጂ አትውጥም። ቡና ባለበት አገር ይህ ይቅር የሚባል አይደለም።

«እነርሱ በቅቤ ሲጋግሩ እኛ ጾም ላይ ነን፤ ማየቱ ነውር ይሆን?» (ወጣት፣ ከፒያሳ)

የእነርሱ ገና ታኅሣሥ 16 ቀን አካባቢ፣ የእኛው ደግሞ ታኅሣሥ 29 ቀን ስለሚውል፣ ፊልሞቹ ኅዳር 15 ቀን ከሚገባው ጾመ ነቢያት ጋር መገጣጠማቸው የግድ ነው። ስለ ነውሩ ነፍስ አባትዎን ይጠይቁ፤ እኔ የምመክረው ሽሮዎን በልተው እንዲያዩ ብቻ ነው።

«ዋናው ጉድለታቸው ምንድን ነው?» (ጡረተኛ መምህር፣ ከቸቸላ)

ብዙ ሰው «ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው» ይላል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ጉድለታቸው በዓሉን ያለ ድካም ማሳየታቸው ነው። አምና በገና ዋዜማ አክስቴ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት እየከተፈች፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ስታይ፣ በቴሌቪዥኑ ነጭ ሽርጥ የታጠቀች አያት ለሃያ እንግዳ ብስኩት ከምድጃ ታወጣ ነበር። አክስቴ ቢላዋውን አቁማ «ሰሃኑን ማን ያጥበዋል?» አለች፤ ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ ያጠበ አላየንም። ሊዘጋ የተቃረበው ሱቅም በአንድ ሌሊት መዋጮ ሲድን፣ የሚቀጥለውን ወር ኪራይ የሚያነሳ ሰው የለም። ሴቲቱ ለፍታ ያገኘችው የከተማ ሥራ እንደ በሽታ መቆጠሩ፣ የከተማው እጮኛዋም ከስልኩ ቀና የማይል ክፉ ሰው መሆኑ ደግሞ እኔን ያስከፋኛል፤ ልጆቻችንን ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ልከን የምናስተምር ሰዎች ይህን በዝምታ ልናልፈው አይገባም። የልደቱ ነገር ራሱ ብዙውን ጊዜ ከዛፉ ጀርባ ተደብቆ ይቀራል፤ ሌሊቱን በማሕሌት ቆሞ ለሚያድር ሰው ይህ ሳይጎላበት አይቀርም።

«ለሕፃናት ይሆናሉ?» (አባት፣ ከአራዳ)

በአመዛኙ ይሆናሉ፤ ደምም ስድብም እምብዛም የላቸውም። ነገር ግን አይተው ሲነሱ «ዛፍ ይምጣልን» ማለታቸው ስለማይቀር የጽዱን ነገር ከወዲሁ ያስቡበት።