እናታችሁን ራሷን ጠይቋት

እናታችሁ በጠና የታመመችባችሁ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በነርስነት ነው፤ ይበልጡን ካንሰር ክፍል። አስታማሚ ልጆች ኮሪደር ላይ ጎተት አድርገው የሚሉኝ ነገር ነበር። «ሲስተር፣ በእናትሽ፣ ለእማዬ ሕመሟን እንዳትነግሪያት!» ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። እናት ግን ታውቃለች። የጎረቤቱ አጠያየቅ ሲለወጥ፣ ያለ ወትሮው ዘመድ ከገጠር ሲጎርፍ ይገባታል። እናንተ እንዳትደነግጡ ብላ እሷም ዝም ትላለች። እንዲህ ተደባብቀው የተለያዩ ብዙ አይቻለሁ። ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አቅም ሳላት ጠይቋት። ሁሉን ባንዴ አትዘርግፉባት። «እማዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ልንገርሽ ወይስ እኛ እንያዘው?» በሏት። አልፈልግም ካለች መብቷ ነው። ሌላ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ትሞክር ወይስ ይብቃት? ሆስፒታል ትቆይ ወይስ ቤቷ ትግባ? ንስሐ አባቷስ መቼ ይምጡ? ከራሷ አፍ ስሙ። ስሙና ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉት። ዘመድ ተሰብስቦ «ውጭ አገር ብትወስዷት ኖሮ» ሲል የእሷ ቃል እጃችሁ ላይ ይኖራል። የንብረት ነገር ግን በደብተር አያልቅም፤ ኑዛዜ የራሱ ሥርዓትና ምስክር ስላለው የሕግ ሰው አማክሩ።

ስለ ሞርፊን፣ ስለ ኃይለኛው የሕመም ማስታገሻ፣ «ከጀመረች አለቀላት» የሚባለውን አትስሙ። ስንት እናት በዚህ ወሬ የተነሳ ሌሊቱን ስታቃስት አድራለች! በሐኪም ተለክቶ ሲሰጥ ሞትን አያፋጥንም፤ ሱስ ይሆንባታል ብላችሁም አትስጉ። የሞርፊን ሽሮፕ ብዙውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው፤ ሕመሙ እስኪነሳ አይጠበቅም። ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። ሕመሙ ታግሶላት እንቅልፍ የወሰዳት እናት፣ ስትነቃ «ቡና አፍሉልኝ» ስትል ሰምቻለሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት ቤት ድረስ እየሄደ የማስታገሻ ሕክምና እንደሚሰጥ እወቁ።

ስለ ሕመሟ ፌስቡክ ላይ መጻፍ የምትፈልጉም አላችሁ። ጻፉ፤ መጻፍ ልብ ያቀላል። ግን ዕድሜዋን ሙሉ ሻሿን ሳታስር በር ከፍታ የማታውቅን ሴት፣ ፀጉሯ ረግፎ፣ ኦክስጅን ተሰክቶላት ፎቶ አንስታችሁ አትልቀቁ። የጻፋችሁትን መጀመሪያ ለእሷ አንብቡላት። «ይሄ ይቅር» ካለች ይቅር። ለሕክምናዋ ገንዘብ የምታሰባስቡ ብትሆኑም፣ ስለ በሽታዋ ምን ያህል ለሰው እንደሚነገር እሷ ትወስን።